የተግባር አሞሌ በሌለበት ኮምፒውተር ሰነዶችን ከመስኮት ወደ መስኮት ጎትቶ ማስገባት፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ፣ ፓስፖርት ለማመልከት፣ የትምህርት ማስረጃ ለማረጋገጥ ወይም ሌላ የመንግሥት አገልግሎት በድረ ገጽ ለማግኘት የሚፈልግ ተገልጋይ ቅጹን ከሞላ በኋላ አንድ የማይቀር ተግባር ይጠብቀዋል። ይኸውም የመታወቂያውን፣ የውክልናውን፣ የደረሰኙን ወይም የፎቶግራፉን ቅጂ ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ነው። ብዙ ቅጾች ለዚህ ተግባር በነጠብጣብ መስመር የታጠረ ሳጥን አዘጋጅተው «ሰነዱን ጎትተው እዚህ ይጣሉ» የሚል መመሪያ ይሰጣሉ።

መመሪያው ቀላል ቢመስልም በተግባር የሚያስቸግርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ሰነዱ በአንድ መስኮት፣ ቅጹ በሌላ መስኮት ይገኛል፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል፤ በስክሪኑ ግርጌ መታየት የነበረበት የተግባር አሞሌም አይታይም። በዚህ ጊዜ ሰነዱን ሌላ ቦታ መጣል፣ የተሞላውን ቅጽ ማጣት፣ ወይም የግል ማስረጃን በሰው ኮምፒውተር ላይ ትቶ መሄድ ሊያጋጥም ይችላል። ይህ ማብራሪያ ተገልጋዮች የተግባር አሞሌ በማይታይበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዳቸውን በትክክል እንዴት ማስገባት እንደሚችሉና ምን ጥንቃቄ ማድረግ እንደሚገባቸው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ጎትቶ መጣል ምን ማለት ነው?

ጎትቶ መጣል ማለት የማውሱን ጠቋሚ በሰነዱ ምልክት ላይ አሳርፎ፣ የግራ ቁልፉን ተጭኖ ሳይለቁ ጠቋሚውን ወደሚፈለገው ቦታ ወስዶ፣ እዚያ ሲደርሱ ቁልፉን መልቀቅ ነው። «መጣል» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር ማስወገድን ስለሚያመለክት አንዳንድ ተገልጋዮች ሰነዱ ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ። እዚህ ላይ የቃሉ ትርጉም «እጅን ለቆ ማሳረፍ» ነው። ሰነድ ወደ ድረ ገጽ ቅጽ ሲጣል ቅጹ የሚወስደው ቅጂውን ብቻ በመሆኑ ዋናው ፋይል ከነበረበት ቦታ አይነሳም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነጥብ የሚጎተተው የሰነዱ ምልክት እንጂ ተከፍቶ የሚነበበው ገጽ አለመሆኑ ነው። ፒዲኤፍ ሰነድ ተከፍቶ እያለ የገጹን ምስል ይዞ ወደ ቅጹ ለመጎተት መሞከር ውጤት አይሰጥም፤ ቢበዛ ጽሑፉ ይመረጣል ወይም ገጹ ከፍና ዝቅ ይላል። ተገልጋዩ ሰነዱ የተቀመጠበትን ፎልደር ከፍቶ ምልክቱን ከዚያ መያዝ ይኖርበታል።

የተግባር አሞሌው ለምን አይታይም?

የተግባር አሞሌ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን በረድፍ የሚያሳይ፣ ዘወትር በስክሪኑ ግርጌ የሚገኝ ሰቅ ሲሆን ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ፣ ማለትም ከ1995 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የዊንዶውስ መለያ ሆኖ ቆይቷል። እንደ ዊንዶውስ 7 እና ዊንዶውስ 10 ባሉ ስሪቶች ተጠቃሚው ሰነዱን እንደያዘ በአሞሌው ላይ ባለው የፕሮግራም ምልክት ላይ ለአፍታ ቢቆይ የዚያ ፕሮግራም መስኮት ወደ ፊት ይወጣ ነበር። በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ዊንዶውስ 11 ይህን አሠራር ሳይዝ ወጣ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በተለቀቀው ማሻሻያ ግን ተመልሷል። ስለዚህ ያልተሻሻለ ዊንዶውስ 11 ባለው ኮምፒውተር ላይ አሞሌው እየታየም ቢሆን በእሱ በኩል መጎተት ላይሳካ ይችላል።

አሞሌው ጭራሽ የማይታይባቸው የተለመዱ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ራሱን እንዲደብቅ ተደርጎ ሲስተካከል። ጠቋሚውን ወደ ስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ መውሰድ ወይም የዊንዶውስ ቁልፍን መጫን አሞሌውን ያወጣዋል። የዊንዶውስ ቁልፍ በኪቦርዱ የታችኛው ረድፍ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበት ነው።

2. ብራውዘሩ ሙሉ ስክሪኑን ሲይዝ። ይህ ብዙ ጊዜ ኤፍ 11 የተሰኘው ቁልፍ ሳይታሰብ ሲነካ ይከሰታል። ቁልፉን ደግሞ መጫን ስክሪኑን ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ኤፍ ኤን የሚለውን ቁልፍ አብሮ መጫን ያስፈልጋል።

3. አሞሌውን የሚያሳየው የዊንዶውስ ክፍል ሥራ ሲያቆም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት በመጫን የሥራ ማስተዳደሪያው ይከፈታል። ከዝርዝሩ ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር የሚለውን መርጦ እንደገና እንዲነሳ ማዘዝ አሞሌውን ይመልሳል። ይህን ማድረግ የተከፈቱ የፎልደር መስኮቶችን ሊዘጋ ቢችልም ብራውዘሩን ስለማይዘጋ በመሞላት ላይ ያለው ቅጽ አይጠፋም።

4. ኮምፒውተሩ ለሕዝብ አገልግሎት ተብሎ በተወሰነ አሠራር ሲዘጋጅ። በአንዳንድ የአገልግሎት መስጫ ቦታዎችና ቤተ መጻሕፍት አስተዳዳሪዎች አሞሌውን ሆን ብለው ይሰውራሉ። ይህን ለመቀየር መሞከር ተገቢ አይደለም፤ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን መንገዶች መጠቀም ወይም ባለሙያውን መጠየቅ ይበቃል።

5. የኮምፒውተሩ ሥርዓት በባሕርዩ የተግባር አሞሌ የሌለው ሲሆን። በበርካታ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኘው ግኖም የተሰኘው ገጽታ ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተከፈቱ መስኮቶችን የሚዘረዝር አሞሌ አያሳይም። ይህ ብልሽት ሳይሆን የሥርዓቱ ንድፍ ነው።

ሰነዱን ወደ ቅጹ ለማድረስ የሚያገለግሉ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን ማድረግ ነው። ለጀማሪዎች እጅግ የሚመከረውም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ተገልጋዩ የሚነሳበትንና የሚደርስበትን ቦታ በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ነው።

1. ቅጹ ያለበትን ብራውዘር አንድ ጊዜ በመጫን ከፊት እንዲሆን ማድረግ።
2. የዊንዶውስ ቁልፍን እንደያዙ የቀኝ ቀስት ቁልፍን መጫን። ብራውዘሩ የስክሪኑን ቀኝ ግማሽ ይይዛል።
3. ሌሎች የተከፈቱ መስኮቶች በግራው ግማሽ በትንንሽ ምስል ሲታዩ ሰነዱ ያለበትን ፎልደር መምረጥ። ፎልደሩ ካልተከፈተ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኢ የተባለውን የላቲን ፊደል በአንድነት በመጫን የፋይል መመልከቻውን መክፈት፣ ከዚያም የዊንዶውስ ቁልፍንና የግራ ቀስትን መጫን።
4. ቅጹን ወደ ታች በማንሸራተት የሰነድ መቀበያው ሳጥን እንዲታይ ማድረግ።
5. የሰነዱን ምልክት ይዞ ወደ ሳጥኑ መጎተትና ሳጥኑ ቀለም ሲቀይር ወይም ጠርዙ ሲደምቅ ቁልፉን መልቀቅ።

አራተኛው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሰነዱን እንደያዙ ቅጹን ማንሸራተት አስቸጋሪ በመሆኑ ሳጥኑን አስቀድሞ ማሳየት ከብዙ ሙከራ ያድናል።

ሁለተኛው መንገድ ሰነዱን እንደያዙ መስኮት መቀየር ነው። ስክሪኑ ትንሽ ሲሆንና ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ለማየት ሲያስቸግር ይህ ይመረጣል። በሁለት እጅ የሚከናወን በመሆኑ አንድ ሁለት ጊዜ አስፈላጊ ባልሆነ ፋይል መለማመድ ይጠቅማል።

1. የሰነዱን ምልክት በማውሱ ግራ ቁልፍ ይዞ ጥቂት ማንቀሳቀስ፤ ቁልፉን አለመልቀቅ።
2. በሌላው እጅ ኦልት የተባለውን ቁልፍ ይዞ ታብ የተባለውን መጫን። ኦልት ከቃላት መለያው ረጅም ቁልፍ በስተግራ፣ ታብ ደግሞ በኪቦርዱ ግራ ጠርዝ ይገኛሉ።
3. የተከፈቱት መስኮቶች ምስል በስክሪኑ መካከል ሲዘረዘር የቅጹ መስኮት እስኪመረጥ ድረስ ኦልትን ሳይለቁ ታብን ደጋግሞ መጫን።
4. ኦልትን መልቀቅ። ቅጹ ከፊት ይወጣል፤ ሰነዱም አሁንም በጠቋሚው እንደተያዘ ነው።
5. ጠቋሚውን ወደ ሳጥኑ ወስዶ የማውሱን ቁልፍ መልቀቅ።

ሰነዱ በፎልደር ሳይሆን በዴስክቶፑ ላይ ከተቀመጠ በቅድሚያ የዊንዶውስ ቁልፍንና ዲ የተባለውን የላቲን ፊደል በአንድነት በመጫን ሁሉንም መስኮቶች ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ሰነዱን ይዞ ከላይ በተገለጸው አኳኋን በኦልትና በታብ ወደ ቅጹ መመለስ ይቻላል። በመካከል ሐሳብ ከተቀየረ ወይም ጠቋሚው የት እንዳለ ከተምታታ፣ የማውሱን ቁልፍ ከመልቀቅ በፊት ኤስኬፕን መጫን ጉተታውን ይሰርዘዋል፤ ሰነዱም በነበረበት ይቆያል።

ሦስተኛው መንገድ ጭራሽ አለመጎተት ነው። አብዛኞቹ ቅጾች በሳጥኑ ውስጥ ወይም አጠገብ «ፋይል ይምረጡ» ወይም ተመሳሳይ ጽሑፍ ያለበት ቁልፍ አላቸው። እሱን ሲጫኑ የፎልደሮች ዝርዝር ይከፈታል፤ ሰነዱን መርጦ ማረጋገጥ ብቻ ይቀራል። በዚህ መንገድ የገባ ሰነድ ተጎትቶ ከገባው ጋር አንድ ዓይነት ዋጋ አለው። ጎትቶ መጣል ለምቾት የቀረበ አማራጭ እንጂ ግዴታ ባለመሆኑ የተቸገረ ተገልጋይ ጊዜ ሳያጠፋ ወደዚህ መንገድ ቢዞር ይመረጣል።

ዊንዶውስ ባልሆኑ ኮምፒውተሮች

የግኖም ገጽታ ባለው ሊኑክስ ላይ ሰነዱን እንደያዙ ጠቋሚውን ወደ ስክሪኑ የላይኛው ግራ ጥግ መውሰድ የተከፈቱትን መስኮቶች በሙሉ ዘርዝሮ ያሳያል። በተፈለገው መስኮት ምስል ላይ ለአፍታ መቆየት ያንን መስኮት ከፊት ያወጣዋል፤ ሰነዱም እዚያ ይጣላል። ጥጉ እንዳይሠራ ተደርጎ ከተስተካከለ፣ በብዙ ኪቦርዶች ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከግራ ወይም ከቀኝ ቀስት ጋር በመጫን መስኮቶቹን ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል።

የአፕል ኮምፒውተሮች የተግባር አሞሌ የላቸውም፤ በግርጌ የሚታየው ዶክ የተባለው የምልክቶች መደርደሪያም ሊደበቅ ይችላል። ሰነዱን እንደያዙ ኮማንድና ታብ ቁልፎችን በመጠቀም ወደ ብራውዘሩ መሻገር በዊንዶውስ ላይ በኦልትና በታብ የሚደረገውን ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

ሰነዱ ተቀዳ ወይስ ተዛወረ?

ወደ ድረ ገጽ የሚጣል ሰነድ ምንጊዜም ቅጂ ነው። ከፎልደር ወደ ፎልደር የሚደረግ ጉተታ ግን የተለየ ሕግ አለው፤ ይህን አለማወቅም ሰነድን ለማጣት ወይም የግል ማስረጃን ሳያስቡ ለሌላ ሰው አሳልፎ ለመስጠት ያጋልጣል።

በዊንዶውስ ላይ ሰነዱ በአንድ የማከማቻ ክፍል ውስጥ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላው ሲጎተት ይዛወራል፤ ማለትም ከነበረበት ቦታ ይነሳል። ከአንድ ማከማቻ ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ሲጎተት ግን ይቀዳል፤ ዋናው በፍላሹ ላይ ይቀራል፣ ቅጂው ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚህ በመነሳት ሁለት የተለመዱ ችግሮች ይከሰታሉ። አንደኛ፣ በፍላሹ ውስጥ ሰነዶችን ሲያደራጅ የነበረ ተገልጋይ ሰነዱን ሳያውቅ ወደ ጎረቤት ፎልደር ጥሎ «ጠፋብኝ» ይላል። ሁለተኛ፣ የመታወቂያውን ቅጂ ከፍላሽ ወደ ኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር የጎተተ ሰው ፍላሹን ነቅሎ ሲሄድ ማስረጃው በዚያ ኮምፒውተር ላይ መቅረቱን አያስተውልም።

በጉተታው ወቅት ከጠቋሚው አጠገብ የሚታየው አጭር ጽሑፍ ሰነዱ ሊቀዳ ወይም ሊዛወር መሆኑን ስለሚገልጽ ቁልፉን ከመልቀቅ በፊት ማንበብ ይጠቅማል። የመደመር ምልክት ከታየ ሰነዱ የሚቀዳ መሆኑን ያሳያል። ኮንትሮልን ይዞ መጣል ሁልጊዜ መቅዳትን፣ ሺፍትን ይዞ መጣል ደግሞ ሁልጊዜ ማዛወርን ያስከትላል። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይዞ መጎተት በበኩሉ ሲለቀቅ የምርጫ ዝርዝር ያወጣል፤ ተገልጋዩም መቅዳትን ወይም ማዛወርን ራሱ ይወስናል። ሰነድ በስሕተት ሌላ ቦታ ከተጣለ ሌላ ሥራ ከመጀመር በፊት ወዲያውኑ ኮንትሮልንና ዜድ የተባለውን የላቲን ፊደል መጫን ድርጊቱን ይመልሰዋል።

ከምርጫው ዝርዝር ውስጥ አቋራጭ መፍጠር የሚለው በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። አቋራጭ፣ በተለምዶ ሾርትከት የሚባለው፣ በጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት ያለበት ምልክት ሲሆን ሰነዱ ራሱ ሳይሆን ሰነዱ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ነው። አቋራጩን ብቻ በፍላሽ ይዞ ወደ አገልግሎት መስጫ የሄደ ተገልጋይ ሰነዱን መክፈት አይችልም፤ ምክንያቱም ዋናው በቤቱ ወይም በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። ከቤት ከመውጣት በፊት ፍላሹን ነቅሎ እንደገና በመሰካት፣ ከተቻለም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰነዱን ከፍቶ ማየት ከከንቱ ምልልስ ያድናል።

ቅጹ ሰነዱን የማይቀበልባቸው ምክንያቶች

በጠቋሚው አጠገብ የተሰረዘ ክብ ምልክት ከታየ፣ ጠቋሚው ያለበት ቦታ ሰነድ አይቀበልም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሳጥኑ ውጭ መሆን ነው። ከዚህ ሌላ የሚከተሉትን መመርመር ይገባል፦

ሰነዱ በታመቀ ፎልደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የተላኩ ሰነዶች አንዳንዴ ታምቀው ይደርሳሉ፤ ከታመቀው ፎልደር ውስጥ በቀጥታ መጎተት ላይሳካ ስለሚችል አስቀድሞ አውጥቶ በመደበኛ ፎልደር ማስቀመጥ ይገባል።

የሰነዱ ዓይነት ወይም መጠን ከተፈቀደው ውጭ ሊሆን ይችላል። ቅጾች ብዙውን ጊዜ ፒዲኤፍ፣ ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ የሚቀበሉ ሲሆን የመጠን ጣሪያም ያስቀምጣሉ። ጣሪያው ከሳጥኑ አጠገብ ስለሚጻፍ ከመጎተት በፊት ሊነበብ ይገባል።

ብራውዘሩ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ለደኅንነት ሲባል ከመደበኛ መስኮት ወደ አስተዳዳሪ መስኮት የሚደረግን ጉተታ ይከለክላል። ብራውዘሩን ዘግቶ በተለመደው መንገድ መክፈት ችግሩን ይፈታል፤ ይሁን እንጂ ብራውዘሩን ከመዝጋት በፊት የተሞላው ቅጽ መቀመጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሰነዱ ከሳጥኑ ውጭ ሲጣል ብራውዘሩ እንደ መመልከቻ ሆኖ ሰነዱን ሊከፍተው ይችላል። እንደ ብራውዘሩ ዓይነትና ስሪት ሰነዱ በአዲስ ትር ወይም ቅጹ ባለበት ትር ላይ ይከፈታል። በአዲስ ትር ከተከፈተ ያንን ትር ብቻ መዝጋት በቂ ነው። በቅጹ ቦታ ላይ ከተከፈተ ግን ትሩን ሳይዘጉ ወደ ኋላ መመለሻ ቀስቱን መጫን ያስፈልጋል፤ ሆኖም የተሞላው መረጃ ሁልጊዜ ይመለሳል ማለት አይደለም። ስለዚህ ቅጹ «አስቀምጥ» የሚል አማራጭ ካለው ሰነድ ማያያዝ ከመጀመሩ በፊት እሱን መጠቀም ይመከራል።

ማውስ ይዞ መጎተት ለሚያስቸግራቸው ተገልጋዮች

በዕድሜ፣ በጉዳት፣ በእጅ መንቀጥቀጥ ወይም በሌላ ምክንያት ቁልፉን ይዞ መቆየት የሚያዳግታቸው ተገልጋዮች አሉ። በዊንዶውስ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ የሚገኘው ክሊክ ሎክ የተባለ አማራጭ ሲበራ ቁልፉን ለአፍታ ተጭኖ መልቀቅ ብቻ ሰነዱን እንደተያዘ ያቆየዋል፤ በሚደረስበት ቦታ እንደገና መጫን ይለቀዋል። የላፕቶፕ መዳሰሻ ለሚጠቀሙም በጣት ከመታገል ይልቅ ቀላል ማውስ መሰካት ሥራውን ያቀልላል። ከፎልደር ወደ ፎልደር ለሚደረግ ቅጂ ደግሞ ሰነዱን መርጦ ኮንትሮልና ሲ፣ በመድረሻው ፎልደር ኮንትሮልና ቪ መጫን ጉተታን ሙሉ በሙሉ ይተካል።

የድረ ገጽ ተደራሽነትን የሚመለከተውና በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ማለትም ደብሊው ካግ 2.2፣ ጉተታ የሚጠይቅ ማንኛውም ተግባር በመርህ ደረጃ ያለጉተታ በነጠላ ጠቋሚ ሊከናወን እንደሚገባ ያስቀምጣል። ስለሆነም «ፋይል ይምረጡ» የሚለው ቁልፍ የሌለው ቅጽ ያጋጠመው ተገልጋይ ችግሩ የእሱ አለመሆኑን ተረድቶ ለአገልግሎቱ ሰጪ ተቋም ማሳወቅ ይችላል።

ከመላክ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች

ሰነድ ወደ ሳጥኑ ገባ ማለት ማመልከቻው ተላከ ማለት አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የማመልከቻ ጊዜ ሳይታወቅ እንዲያልፍ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ በመሆኑ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል መመልከት ይገባል።

በመጀመሪያ የመጫኛው መስመር እስከ መጨረሻው መሙላቱንና የሰነዱ ስም በሳጥኑ ውስጥ መታየቱን ማየት ነው። የኢንተርኔት ግንኙነት በሚቆራረጥበት ጊዜ ስሙ ታይቶ ጭነቱ ሳይጠናቀቅ ሊቀር ይችላል። ቀጥሎ ሰነዱ በትክክለኛው ሳጥን ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ስካነሮች ለሰነዶች ተራ ቁጥር ብቻ ያለበት ተመሳሳይ ስም ስለሚሰጡ የሚስትን መታወቂያ በባል ሳጥን፣ የአምናውን ደረሰኝ በዘንድሮው ቦታ ማስገባት ቀላል ነው። ይህን ለመከላከል ከጉተታው በፊት ሰነዱን መርጦ ኤፍ 2 የተባለውን ቁልፍ በመጫን «መታወቂያ ፊት»፣ «መታወቂያ ጀርባ»፣ «የግብር ደረሰኝ» እንደሚሉ ባሉ ግልጽ ስሞች መሰየም ይጠቅማል። ቅጹ የላቲን ፊደል ብቻ የሚቀበል ከሆነ ስሞቹን በዚያው ፊደል መጻፍ ይቻላል።

ቅጹ ሰነዱን አሳይቶ የሚያስነብብ ከሆነ ከፍቶ ጽሑፉ መነበቡን፣ ማኅተሙና ፊርማው ሳይቆረጥ መታየቱን መመልከት ተገቢ ነው። በመጨረሻም የመላኪያውን ቁልፍ ተጭኖ የማመልከቻ ቁጥር ወይም የማረጋገጫ መልእክት እስኪመጣ ድረስ መጠበቅና ቁጥሩን መመዝገብ ያስፈልጋል። ተገልጋዩ ስለ ማመልከቻው በኋላ ሲጠይቅ መነሻ የሚሆነው ይኸው ቁጥር ነው።

በጋራ ኮምፒውተር ላይ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በኢንተርኔት ካፌ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በሌላ የጋራ ኮምፒውተር የሚገለገል ሰው ሰነዱን ከፍላሹ በቀጥታ ወደ ቅጹ ቢጎትት ይመረጣል። መጀመሪያ ወደ ዴስክቶፕ አውርዶ ከዚያ ወደ ቅጹ መውሰድ አላስፈላጊ ቅጂ ይተዋል። ቅጂ ከተቀመጠ ግን ሰነዱን መርጦ ሺፍትንና ዲሊትን በአንድነት መጫን በቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሳያልፍ ያስወግደዋል። ከቴሌግራም ወይም ከኢሜይል የወረዱ ሰነዶች ብዙውን ጊዜ የወረዱ ፋይሎች ፎልደር ውስጥ ስለሚቀሩ ያንንም መመልከት ያስፈልጋል። ከሥፍራው ከመነሳት በፊት ከአገልግሎቱ ገጽ፣ ከኢሜይልና ከቴሌግራም መውጣት፣ ፍላሹንም በአግባቡ አስወጥቶ መንቀል ይገባል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን የግል መረጃ የሚሰበስቡና የሚያስተናግዱ አካላት መረጃውን በጥንቃቄ እንዲይዙ ግዴታ ጥሏል። በሰው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ተረስቶ የቀረ መታወቂያ ወይም ውክልና ግን በማን እጅ እንደሚገባ ባለቤቱ ሊያውቅ አይችልም። እንዲሁም ሰነድ በማስገባት ረገድ የሌላ ሰው እገዛ የሚያስፈልገው ተገልጋይ ረዳቱ ማውሱን ቢይዝለትም የይለፍ ቃሉንና በስልኩ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ራሱ ሊያስገባ ይገባል።

የተግባር አሞሌው ባይታይም ሰነድን ወደ ማመልከቻ የሚያደርስ መንገድ አይታጣም። ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን ማድረግ፣ በኦልትና በታብ መሻገር ወይም በመምረጫው ቁልፍ መጠቀም ሁሉም ወደ አንድ ውጤት ያደርሳሉ። ተገልጋዮች ሰነዶቻቸውን አስቀድመው ሰይመውና አደራጅተው፣ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ከመድረሱ ጥቂት ቀናት በፊት ሥራውን ቢጀምሩ፣ ጉተታው ባይሳካ እንኳ ሌላ መንገድ ለመሞከር ወይም በአካል ቀርበው እገዛ ለመጠየቅ በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።